ከመጻፍ በፊት ማንበብ፦ ፕሮግራም ወደ ቺፕ የሚገባበት መንገድ

ከጣርማ በር ወርዶ፣ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደሴ በሚዘልቀው አስፋልት ዳር ባሉ ከተሞች የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አይጠፋም። ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አጣዬም በዚሁ መስመር ላይ ናት። ቴሌቪዥን ወይም ሪሲቨር ይዞ ወደ እንዲህ ያለ ቤት የገባ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው አንድ መልስ አለ፦ «ሶፍትዌሩ ጠፍቷል፤ መጫን አለበት።» ዕቃው አልተሰበረም፣ የተቃጠለ ነገር አልሸተተም፣ ገመዱም ደህና ነው። ጠጋኙ አንድም ዕቃ ሳይቀይር ላፕቶፑን ከፍቶ፣ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ሰክቶ፣ ጥቂት ጠብቆ ይመልስለታል። ከዚያ ሒሳብ ይጠይቃል። ደንበኛው «ምን ተሠርቶ ነው የምከፍለው?» ቢል አይፈረድበትም። ይህ ማብራሪያ ለእሱና ይህን ሥራ ልጀምር ብሎ ለሚያስብ ወጣት የተጻፈ ነው።

ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል በውስጡ ትእዛዝ የተጻፈበት ቺፕ አለው። ዲጂታል ስታቢላይዘር ቮልት ሲዋዥቅ ሪሌውን ቀጭ የሚያደርገው፣ የሶላር መቆጣጠሪያ ባትሪው ሲሞላ የሚያቋርጠው፣ ልብስ ማጠቢያ መቼ ውኃ እንደሚያፈስ የሚያውቀው በዚህ ትእዛዝ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ ማይክሮኮንትሮለር ይባላል፤ በአንዲት አይሲ ውስጥ የተጠቃለለ ሙሉ ኮምፒውተር ማለት ነው። የሚያሰላው ክፍል፣ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ሜሞሪ፣ በሥራ ላይ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ፣ ከውጭ የሚሰማባቸውና የሚያዝባቸው እግሮች፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። ለምሳሌ ብዙ ጀማሪዎች የሚማሩበት ኤትሜጋ 328ፒ 28 እግር፣ ለፕሮግራም 32 ኪሎባይት፣ ለጊዜያዊ ሥራ 2 ኪሎባይት፣ መብራት ቢጠፋም ለማይረሳው መዝገብ ደግሞ 1 ኪሎባይት ብቻ አለው። በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ከዚህ መቶ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ያም ሆኖ አንድ ማሽን ለመቆጣጠር ከበቂ በላይ ነው።

ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ባዶ ነው። እግሩን በየቦታው በይደህ መብራት ብትሰጠው ምንም አያደርግም። ዋጋው ውስጡ በተጻፈው ላይ ነው፤ ይህን ያልተረዳ ጠጋኝ የተበላሸውን ቺፕ ነቅሎ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አዲስ ይገዛል፣ ይበይዳል፣ ከዚያም ዕቃው ለምን እንደማይነሳ ግራ ይገባዋል።

ትእዛዙን ወደ ቺፕ ማስገባት እንደዛሬው ቀላል አልነበረም። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1974 ለገበያ ያወጣው ቲኤምኤስ1000 ዓይነቱ ቀደምት ማይክሮኮንትሮለር ፕሮግራሙ ፋብሪካ ውስጥ ከቺፑ ጋር አብሮ የተቀረጸ ነበርና አንዲት ስህተት ከተገኘች ቺፑ ይጣላል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1971፣ የኢንቴሉ ዶቭ ፍሮማን ኢፒሮም የሚባለውን ሜሞሪ ፈጥሮ ነበር። በኤሌክትሪክ ይጻፋል፤ ለማጥፋት ግን በጀርባው ባለች ትንሽ የመስታወት መስኮት በኩል የአልትራቫዮሌት መብራት ለ20 ደቂቃ ያህል ይበራበታል። ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃንም በአንድ ሳምንት ገደማ ሊያጠፋው ስለሚችል መስኮቷ ላይ ተለጣፊ ወረቀት ይደረግባት ነበር፤ አጣዬ ባለችበት በይፋት ቆላ ፀሐይ ወረቀቱን የረሳ ሰው ምን እንደሚገጥመው መገመት ነው። (ፍሮማን ከዚህ ግኝቱ በኋላ ኢንቴልን ትቶ ጋና ሄደ፤ ኩማሲ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና አስተምሯል። በአህጉራችን እምብዛም የማይነገር ታሪክ ነው።) የጃፓኑ ቶሺባ ባልደረባ ፉጂዮ ማሱዎካ በ1984 ፍላሽ ሜሞሪን ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ማይክሮቺፕ የተባለው ኩባንያም በ1993 በኤሌክትሪክ ብቻ የሚጠፋና የሚጻፍ ፒክ 16ሲ84 የተባለ ማይክሮኮንትሮለር ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የተቀመጠ ሰው መጻፍ፣ መሞከር፣ ማጥፋትና እንደገና መጻፍ ቻለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ግድ ይላል፤ በጥገና ቤት ቋንቋ ሁለቱም «ሶፍትዌር መጫን» ይባላሉና። በብዙ ሪሲቨሮችና በትንንሽ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ፕሮግራሙ ያለው በዋናው አይሲ ውስጥ አይደለም፤ ከጎኑ ባለ ስምንት እግር ሜሞሪ ውስጥ ነው። ጀርባው ላይ 25ኪው64 የሚል ዓይነት ቁጥር ይነበባል፤ 64 የሚለው ሜጋቢት ስለሆነ ይዘቱ 8 ሜጋባይት ነው። ይህ ሜሞሪ በራሱ ምንም አያስብም፤ ዝም ብሎ መዝገብ ነው። ማይክሮኮንትሮለር ግን ፕሮግራሙን በሆዱ ይዟል፣ አምራቹም ብዙውን ጊዜ ማንም እንዳያነበው ይቆልፈዋል። ስለዚህ የሪሲቨር ሜሞሪ መጻፍ የቻለ ሰው የስታቢላይዘር ቺፕ ስላልተነበበለት ብቻ ሰነፍ አይባልም።

ሦስተኛም አለ፤ ጭራሽ ሶፍትዌር መጫን ያልሆነ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ብዙ ቤተሰብ «ሪሲቨሩ ተበላሸ» ብሎ ነበር። የተለወጠው ግን ሰማይ ላይ ያለው ቦታ ነው፤ ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ሲሆን ኢትዮሳት የሚጠቀመው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው። ዲሹን አዙሮ በሪሞት ጣቢያ መፈለግ በቂ ነበር። ማስተካከል እንጂ መጻፍ አልነበረም። ሐቀኛ ጠጋኝ ለሁለቱ አንድ ዋጋ አይጠይቅም።

አሁን ወደዚያች ትንሽ ሰሌዳ እንምጣ። ፕሮግራመር ትባላለች። በአንድ በኩል በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ትገናኛለች፤ በሌላ በኩል ቺፑ በሚገባው ቋንቋ፣ በሚገባው ቮልቴጅና ፍጥነት በጥቂት ሽቦዎች ታናግረዋለች። ሁሉንም ቺፕ የሚያናግር አንድ ፕሮግራመር የለም። ኤትሜጋ 328ፒ ለሚገኝበት ለኤቪአር ቤተሰብ ርካሹ ዩኤስቢኤኤስፒ፣ ለፒክ ቤተሰብ ፒክኪት፣ ለኤስቲ ቺፖች ኤስቲ-ሊንክ፣ ስምንት እግር ላላቸው ሜሞሪዎች ሲኤች341ኤ አሉ። ቲኤል866 የሚባለው ሶኬት ያለው ሣጥን ብዙ ዓይነት ያነባል፤ ዋጋውም እንደዚያው ከፍ ይላል። ለጀማሪ ጠጋኝ የምመክረው ሲኤች341ኤን ከነመቆንጠጫ ክሊፑ ነው፤ የከተማው ገበያ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ነውና። አንድ ነገር ግን ይወቅ፦ በብዙዎቹ ጥቁር የሲኤች341ኤ ሰሌዳዎች ላይ የኃይል መስመሩ 3.3 ቮልት ሆኖ ሳለ የመረጃ መስመሮቹ 5 ቮልት ይሰጣሉ። ብዙ ሜሞሪ ይችለዋል፣ አንዳንዱ ይታመማል። በ1.8 ቮልት ለሚሠራው ሜሞሪ ደግሞ ለብቻው የሚሸጥ አስማሚ ከሌለ ጭራሽ መንካት አይገባም።

የሥራው ቅደም ተከተል በአብዛኞቹ ፕሮግራመሮች አንድ ነው። መጀመሪያ ቺፑ «ማን ነህ?» ይባላል፤ ፋብሪካ የሰጠውን መለያ ቁጥር ይመልሳል። መልሱ ካልመጣ ወይም ሁሉም ዜሮ ከሆነ ሽቦ ተሳስቷል፣ እግር አልነካም፣ ወይም ኃይል አልደረሰውም፤ እዚህ ላይ «ዝም ብለህ ቀጥል» የሚለውን መጫን የጥፋት መጀመሪያ ነው። ቀጥሎ ማንበብ፣ ከዚያ ማጥፋት፣ ከዚያ መጻፍ፣ በመጨረሻ የተጻፈውን ከፋይሉ ጋር ማመሳከር ይመጣል። ፋይሉ ለሜሞሪ ጥሬ ባይት ነው፤ ለማይክሮኮንትሮለር ግን ብዙ ጊዜ ሄክስ የሚባለው ነው። ሄክስን በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ብትከፍተው እያንዳንዱ መስመር በሁለት ነጥብ ይጀምራል፣ ስንት ባይት እንደያዘና የት እንደሚቀመጥ ይናገራል፣ መጨረሻው ላይ የሒሳብ ማረጋገጫ አለው። አንዲት ፊደል በስልክ ስትላክ ብትበላሽ ፕሮግራመሩ በዚያ ማረጋገጫ ያውቃታል።

ከእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች በጥድፊያ የሚዘለለው ማንበብ ነው፤ የማይተካውም እሱ ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የነበረው ፕሮግራም፣ ተበላሽቷል ቢባልም፣ የዚያን ስክሪን ዓይነት፣ የዚያን ሰሌዳ ስሪት የሚያውቅ ነው። ከሌላ ሰው በቴሌግራም የተገኘ ፋይል ተጭኖ ምስሉ ተገልብጦ ወይም ቀለሙ ተዘባርቆ ቢወጣ መመለሻው ያ የመጀመሪያ ንባብ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ይነበብ፤ ሁለቱ ፋይሎች ካልተመሳሰሉ ክሊፑ በደንብ አልያዘም ማለት ነውና ገና ምንም አልተነበበም። በሚነበብበት ጊዜ ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ይነቀል።

ነገሩን በይፋት ቆላ ሊያገለግል በሚችል አንድ ዕቃ እንየው፤ በዕንቁላል ማስፈልፈያ። የአንድ ቀን ጫጩት የሚፈልግ ሰው ከቢሾፍቱ ወይም ከኮምቦልቻ ማስመጣት ሳያስፈልገው በቤቱ ሣጥን ሠርቶ ሊያስፈለፍል ይችላል። የሚያስፈልገው አምፖል፣ ማራገቢያ፣ ውኃ ያለበት ሳህን፣ እንዲሁም ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ላይ የሚይዝ መቆጣጠሪያ ነው። ለመቆጣጠሪያነት በየቦታው የሚሸጠው ደብልዩ1209 የሚባለው ሰሌዳ ነው፦ ቀይ ቁጥር የምታሳይ ትንሽ ማሳያ፣ ሦስት ቁልፍ፣ አንድ ሪሌ፣ በሽቦ የተንጠለጠለ የሙቀት መለኪያ። ልቡ ባለ 20 እግሩ ኤስቲኤም8ኤስ003 ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ ለፕሮግራም 8 ኪሎባይት አለው።

ይህን ሰሌዳ ገዝቶ እንደመጣ የሰካው ሰው ዕንቁላሉን ያበላሻል። ፕሮግራሙ ስህተት ስላለበት አይደለም፤ ማስተካከያው ለማቀዝቀዣ ስለተዘጋጀ ነው። «SET» የሚለውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ይዞ ሲቆይ ፒ0 የሚል ይመጣል፤ እዚያ «ሲ» ማቀዝቀዝ፣ «ኤች» ማሞቅ ነው። ለዕንቁላል ወደ ኤች መዞር አለበት። ቀጥሎ ያለው ፒ1 ሪሌው እንደገና እስኪበራ ድረስ ሙቀቱ ስንት ዲግሪ እንዲወርድ የሚፈቅድ ነው፤ ሲገዛ 2 ዲግሪ ላይ ነው። እንዲያ ከተተወ ሣጥኑ ከ37.5 እስከ 35.5 ይዋዥቃል። ወደ 0.3 ማውረድ ይሻላል። ፒ4 መለኪያው ከእውነተኛው ሲዛነፍ ማረሚያ ነው፤ በታመነ ቴርሞሜትር አስተያይቶ ይስተካከላል። ፒ6 ደግሞ ሙቀቱ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቆላው ራሱ በሚያግልበት ወር ከቅዝቃዜ ይልቅ ሙቀት ማለፉ ለፅንሱ ክፉ ነውና ይህን ክፍት ማድረግ ጥሩ ነው። ይህ ሁሉ ያለ ፕሮግራመር፣ በጣት ብቻ ይሠራል፤ ቺፑም መብራት በማያጠፋው መዝገቡ ውስጥ ይይዘዋል።

አንድ ቀን ግን ባለቤቱ ሰሌዳው የማይችለውን ይፈልጋል፦ ዕንቁላሉን በየጥቂት ሰዓቱ የሚያገላብጥ ሞተር እንዲነሳ፣ በ18ኛው ቀን ማገላበጡ እንዲቆም። ለዚህ ማስተካከያ የለም፤ አዲስ ፕሮግራም ነው። ኤስቲ-ሊንክ የተባለውን ፕሮግራመር በአራት ሽቦ ከሰሌዳው ጋር አገናኝቶ ይሞክራል፤ ቺፑ መልስ ይሰጣል፣ «አንብብ» ሲባል ግን እምቢ ይላል። አምራቹ ቆልፎታል። ቁልፉን መክፈት ይቻላል፤ የተከፈተ ቀን ግን ውስጡ ያለው ሁሉ በራሱ ይጠፋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የሌላ ሰው ሥራ እንዳይሰረቅ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ የራሱን ፕሮግራም ጽፎ፣ በሌላ ሰሌዳ ላይ ሞክሮ ያልጨረሰ ሰው መክፈት የለበትም፤ መመለሻ የለውምና። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ኤትሜጋ 328ፒ 10,000 ጊዜ ሊጻፍበት ይችላል ተብሎ ሲሸጥ፣ ለዚህ ርካሽ ኤስቲ ቺፕ አምራቹ ዋስትና የሚሰጠው 100 ጊዜ ብቻ ነው። ተማሪ በቀን ሃያ ጊዜ እየጻፈ የሚሞክርበት አይደለም።

በማስተካከያውና በፕሮግራሙ መካከል ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ብዙ ቺፕ የሚሞተውም እዚህ ነው። ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት ቺፑ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስኑ ጥቂት ቢቶች አሉ። በኤቪአር ቤተሰብ ፊውዝ ይባላሉ፤ በፒክ ቤተሰብ የኮንፊገሬሽን ቃል፣ በኤስቲ ኦፕሽን ባይት። ቺፑ ሥራውን የሚያስኬድበትን ምት ከውስጥ ያገኛል ወይስ ከውጭ ከተሰካ ክሪስታል? የመነሻ እግሩ መነሻ ሆኖ ይቀጥላል ወይስ ተራ እግር ይሁን? ኃይል ሲወርድ ምን ያድርግ? መልሱ ሁሉ እነሱ ላይ ነው። በኤቪአር ላይ የሚያሳስተው ነገር አለ፤ ዜሮ ማለት «በርቷል»፣ አንድ ማለት «ጠፍቷል» ነው። ይህን ገልብጦ ያነበበ ሰው ክሪስታል የሌለውን ቺፕ ከክሪስታል ምት እንዲጠብቅ ያዘዋል፤ ቺፑ ከዚያ ወዲያ ለፕሮግራመሩም አይመልስም። ክሪስታል ለጊዜው ሰክቶ ማዳን ይቻላል። የመነሻውን እግር የዘጋ ግን ዩኤስቢኤኤስፒ አያድነውም፤ 12 ቮልት የሚሰጥ ፕሮግራመር ፈልጎ ይሄዳል። በአንዳንድ የፒክ ቺፖች፣ ለምሳሌ በ16ኤፍ877ኤ፣ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ፕሮግራሚንግ የሚባለው ቢት በርቶ ከተተወ አንዷ እግር ተንጠልጥላ ስለምትቀር ሥራው በየመሐሉ ይቆማል። ጠጋኙ ቀኑን ሙሉ ብየዳ ሲፈትሽ ይውላል።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለእኛ አገር መብራት ወሳኙ የኃይል መውረድ መቆጣጠሪያው ነው ባይ ነኝ፤ ብራውን-አውት ይሉታል። መብራት ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ቺፑ አይጎዳም። ክፉው ሲዋዥቅ ነው። 220 መሆን የሚገባው ወርዶ ሲመለስ፣ የቺፑ 5 ቮልት ለቅጽበት 3 ወይም 2 ይሆናል፤ ቺፑም ሳይሞትም ሳይነቃም የማያውቀውን ትእዛዝ ይፈጽማል፤ አንዳንዴም የማይረሳው መዝገብ ላይ የማይሆን ቁጥር ይጽፋል። «መብራት መጥቶ ሲሄድ ሴቲንጉ ተዘባረቀ» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብራውን-አውቱ ሲከፈት ኃይሉ ከተወሰነ መስመር በታች በወረደ ቁጥር ቺፑን አስሮ ያቆየዋል፤ ሲስተካከል ከመጀመሪያው ያስነሳዋል። በ328ፒ ላይ 1.8፣ 2.7 ወይም 4.3 ቮልት መምረጥ ይቻላል። ከፋብሪካ ሲወጣ ግን ተዘግቶ ነው የሚመጣው! መጽሐፍ አይቶ ፕሮግራም የተማረ ልጅ ይህን ቢት ሳይነካ ማስፈልፈያውን ለጎረቤት ይሸጣል፤ ከዚያ ጎረቤቱ ይመጣበታል።

ሥራው በራሱ ብዙ ኃይል አይፈልግም። ባትሪው የያዘ ላፕቶፕ ካለ በጽሕፈት መሐል መብራት ቢጠፋም ፕሮግራመሩ ከላፕቶፑ ስለሚበላ ሥራው አይቋረጥም፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኢንተርኔትም በየቀኑ አያስፈልግም። የቺፑ መመሪያ ሰነድ፣ የፕሮግራመሩ ሶፍትዌርና ሾፌሩ አንድ ጊዜ ከወረዱ ኔትወርክ ለሳምንት ቢጠፋም ይሠራል።

ፋይሎቹን ማስቀመጥ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በግጭት ክፉኛ ተቃጥላለች። ሰው በሞተበት፣ ቤት ንብረት በነደደበት ስለ ፋይል ማውራት ትንሽ ነገር ይመስላል። ቢሆንም ሥራውን እንደገና ለሚጀምር ጠጋኝ ፕሮግራመሩ ከአዲስ አበባ ይመጣለታል፤ ከስንትና ስንት ሰሌዳ ያነበበው ፋይል ግን ከየትም አይመጣለትም። አንድ ቅጂ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ወይም የሙያ ባልደረባ ዘንድ ይሁን። የፋይሉ ስም ላይ የሰሌዳው ቁጥር፣ የሜሞሪው ቁጥርና ቀኑ ይጻፍ፤ «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻው» የሚል ስም ከስድስት ወር በኋላ ለጻፈውም አይገባውም።

ለመማር ፕሮግራመር መግዛትም የግድ አይደለም። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው ሰሌዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢጣሊያ ውስጥ ኢቭሬያ ከተማ የተጀመረው የአርዱዊኖ ሥራ ውጤት፣ ያንኑ ኤትሜጋ 328ፒ ይዟል፤ ቡትሎደር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ቀድማ ስለተጻፈችበት በተራ የዩኤስቢ ገመድ ይጻፍበታል። በሶፍትዌሩ ምሳሌዎች ውስጥ ደግሞ አርዱዊኖውን ራሱን ፕሮግራመር የሚያደርግ አለ። እሱ ከተጫነ በኋላ በስድስት ሽቦ ሌላ ባዶ 328ፒ ማናገር ይቻላል፤ አንድ ትምህርት ቤት አንድ ኡኖ ቢኖረው አሥር ባዶ ቺፕ ገዝቶ ክፍሉን ሁሉ ያስተምርበታል።

ወደ ማስፈልፈያው እንመለስና፣ አዲሱን ፕሮግራም የሚጽፈው ወጣት አንድ ነገር አስቀድሞ ይወስናል፦ ቀኑን የት ይመዝግብ? ዕንቁላል 21 ቀን ይፈልጋል። ቺፑ ቀኑን በጊዜያዊ ሜሞሪው ብቻ ከቆጠረ መብራት በጠፋ ቁጥር ከአንድ ይጀምራል፤ ያ ከሆነ 18ኛው ቀን አይደርስም፣ ሞተሩም ጫጩቱ ሊወጣ ሲል እንኳ ማገላበጡን አያቆምም። ስለዚህ ሰዓቱን በማይረሳው መዝገብ ላይ ይጽፋል። ያ መዝገብ በኤስቲ ቺፑ ላይ 128 ባይት ብቻ ነው፤ ለመጻፍ ግን ከፍላሹ እጅግ ይበረታል፣ 100,000 ጊዜ ይችላል። በየሰከንዱ ቢጻፍበት ከ28 ሰዓት በኋላ ዋስትናው ያልቃል። በየሰዓቱ ቢጻፍ ለአንድ ዙር 504 ጊዜ ነው፤ መቶ ሺው ለ198 ዙር፣ ያለ ዕረፍት ቢሠራ ከ11 ዓመት በላይ ያደርሰዋል። መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው ቆጠራ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው፤ ዕንቁላሉ በዚያ መሐል የሚቀዘቅዘውን ግን ፕሮግራም አይመልሰውም፤ ለእሱ ባትሪ ነው።